ከድምፁ በኋላ

ፒያኖው የመጣ ነው ከፋብሪካው ክበብ፣
በሐራጅ ተሽጦ፣ ባሕር ዳርን አቋርጦ፣ በጋሪ ተጭኖ፤
አንዱ እግሩ በጡብ ተደግፎ
ቆመ ሳሎን መሀል እንደ እንግዳ ሆኖ።
የጣና እርጥበት ጣውላውን ያሳብጣል፣
ክረምት በገባ ቁጥር ድምፁ ዝቅ ይላል፤
ከግራ አራተኛው ነጭ ቁልፍ ዲዳ ነው፣
ሲነኩት «ቋ» ይላል፣ ሌላ ቃል የለው።

አባቴ እንዳላማው፣ የእንዝርት መካኒክ፣
ጀርመን አገር ሄዶ ማሽን ተምሮ
ሲመለስ የያዘው አንድ ሳጥን መፍቻ፣
አንድ ክምር ኖታ በሲባጎ ታስሮ።
ፎቁ ላይ የምትኖር አንዲት ባልቴት ናት
ድንች እየላጠች ያስጠናችው በእራት፦
አንድ ጉሮሮ ነው፣ አንድ ፒያኖ ነው፤
ከበሮ የለውም፣ እስክስታ የለው።

ጎረቤታችን እማማ ብርቄ
ከአጥር ማዶ ሆነው ነጠላ አስተካክለው፣
«እንዳላማው ልጄ፣ ይኼ የምታዜመው
መዝሙር ነው ወይ ዘፈን? ጾም ነው፣ ንገረኝ» አሉት።
አባቴ አሰበ። ብዙ አሰበ።
«ሁለቱም አይደለም።
የሚጨፍርበት፣ የሚሰግድበት የለም።
ሰው ቁጭ ብሎ ብቻውን ሲያመው ነው።»
«እንግዲያ ለጾም ይሆናል» ብለው ገቡ።

እናቴ ፈንታነሽ ጀርመንኛ አታውቅ፤
«ምን ይላል?» ትላለች የቆሮሶ ቅርፊት ስትፍቅ።
«አንተ»ና «አንቺ» እዚያ አገር አንድ ቃል ናቸው፣
ወንድ ይሁን ሴት ትሁን ማንም አይለያቸው፤
በኛ ግን አፍ ሲከፈት መምረጥ ግድ ነው፤
አባቴ የመረጠው ሁልጊዜ «አንቺ»ን ነው።
ለወንዙም «አንቺ»፣ ለዛፉም «አንቺ»፣ ለሞትም ጭምር «አንቺ»፤
እናቴ ቢላዋውን አቁማ፣ «ማናት ደግሞ ይቺ?»
«ራስሽ ነሽ» ሲላት፣ «እኔን መች ነው ወንዝ ያልከኝ?» ትላለች፤
ግን ፊቷን ወደ ሐይቁ አዙራ ትስቃለች።

አንድ ማታ በረዶ ላይ ደረሰ።
«በረዶ ወረደ፣ ኮሽታ ሳያሰማ።»
«ውሸት!» አለች እናቴ።
ጣሪያችን ቆርቆሮ ነው፤ በረዶ ሲወርድ ያደነቁራል፣
ጎመን ይበሳሳል፣ ዶሮ ይፈነክታል፤
ምን ዓይነት በረዶ በዝምታ ይወርዳል?
አባቴ ፈለገ፣ ፈለገ፣ አገኘ፦
«ፈትል ክፍል ውስጥ፣ በሌሊቱ ፈረቃ፣
ሊነጋጋ ሲል፣ የጥጡ ብናኝ
ጸጉርሽ ላይ ሲያርፍ፣ ቅንድብሽ ሲነጣ፣
ትዝ ይልሻል? እሱ ነው በረዶ።»
ዝም አለች።
ቅርፊት ያለበት እጇን ጸጉሯ ላይ አኖረች።

ጥጡ ግን ጸጉር ላይ ብቻ አላረፈም።
ሳንባዋ ውስጥ ክረምት ሲከምር ከርሟል።
ሐኪሙ ራጁን ብርሃን ላይ ሰቅሎ
«ይኸው፣ ነጩ» አለ፣ በእስክሪብቶ ከብቦ።
አባቴ አየው።
የገዛ ትርጉሙ ነበር የተሰቀለው።

ዘንድሮ በጥቅምት፣ መብራት በጠፋ ማታ፣
እምቦጩ ጣና ላይ ሜዳ መስሎ ተኝቶ፣
ከዘጌ የመጣች ጀልባ ሞተሯን አጥፍታ፣
«እስቲ ተጫወቺው» አለኝ ከጎኔ መጥቶ።
ኖታውን አላየሁም፤ ጣቴ ያውቀው ነበር።
ጀመረ። ድምፁ ዝጓል፣ እንደ መፍቻዎቹ።
በረዶው ጋ ሲደርስ አፉን ከፈተ፣
አየር ብቻ ወጣ።
የመስኮቱን ደፍ ያዘ።

በልጅነቴ ያስተማረኝ እሱ ነው፦
«ድምፁ ሲያበቃ ዘፈኑ አላበቃም፣ እጅሽን አታንሺ፤
ሰው መናገር ያቃተውን ፒያኖው ያውቀዋል፤
ቀስ ብለሽ፣ ሳትቸኩዪ፣ እስከ ዳር አድርሺ።»

አደረስኩ። አራት መስመር ናት፣ ቃል የሌለባት።
ወደ ግራ ወረድኩ፣ ወደ ወፍራሙ፤
ዲዳው ቁልፍ ጋ ስደርስ መዝለል እችል ነበር።
አልዘለልኩም።
ቋ።
ከውጭ፣ ጉማሬ ይሁን ሌላ፣ ውሃው ላይ አንድ ነገር ተነፈሰ።
አባቴ ጀርባውን እንደሰጠኝ
«አንቺ» አለ።
ለማን እንደሆነ አልጠየቅኩም።